ነፍሰ ጡር ነኝ፣ ሽንቴ ያቃጥለኛል፤ ኢንፌክሽን ነው ወይስ ኢንዶሜትሪዮሲሱ?

ጥያቄ

«ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። 29 ዓመቴ ነው። የምኖረው ልደታ ነው፤ ሥራዬ ሜክሲኮ አካባቢ ነው። ያደግሁት መልካ ወረር ነው። ከሁለት ዓመት በፊት በላፓራስኮፒ (በትንሽ ቀዳዳ በሚገባ ካሜራ) ኢንዶሜትሪዮሲስ እንዳለብኝ ታወቀ። ኦቫሪዬ ላይ የነበረው ሲስት ወጣልኝ፤ ፊኛዬ ላይ ያለው ግን አልተነካም። በፊት ወር አበባዬ ሲመጣ ሽንቴ ያቃጥለኝ ነበር፤ አንዳንዴ ደምም ያሳየኝ ነበር። አሁን የ22 ሳምንት ነፍሰ ጡር ነኝ፤ የመጀመሪያ ልጄ ነው። ወር አበባ ሳይኖር ማቃጠሉ ተመለሰብኝ። ሽንቴም ሁለቴ ሮዝ ሆኖ አየሁት። ፊኛዬ ላይ ያለው እባጭ በፊት 1.5 ሴንቲ ሜትር ነበር፤ በቅርቡ አልትራሳውንድ ላይ 2.5 ሆኗል ተባልኩ። እናቴ ‹ዝም ብለሽ ውለጂ፣ ሲወለድ ይጠፋል› ትለኛለች። ጓደኛዬ ደግሞ የተረፋትን ሲፕሮ የሚባል አንቲባዮቲክ ሰጠችኝ፤ ገና አልወሰድኩትም። ካንሰር ይሆን እንዴ? ልጄን ይጎዳብኛል? የግድ በኦፕራሲዮን ነው የምወልደው? እባክዎ ይመልሱልኝ።»

መልስ

እህቴ፣ ሲፕሮውን ሳትውጪ መጠየቅሽ በጣም ደስ ብሎኛል። ለጊዜው ወደ ጎን አድርጊው፤ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ እንቅልፍ ለሚነሱሽ ሦስት ጥያቄዎች አጭር አጭር መልስ ልስጥሽ። ካንሰር የመሆኑ ዕድል እጅግ ትንሽ ነው። ፊኛ ላይ ያለ ኢንዶሜትሪዮሲስ ፅንሱ ዘንድ አይደርስም፤ ልጅሽ ማህፀንሽ ውስጥ ነው፣ እባጩ ደግሞ ፊኛሽ ግድግዳ ላይ ነው። በዚህ ምክንያት ብቻ የግድ በኦፕራሲዮን መውለድ አያስፈልግሽም።

ረዘም ያለውን መልስም ግን እስከ መጨረሻው እንድታነቢልኝ እለምንሻለሁ። አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። አንዴ «ኢንዶሜትሪዮሲስ» የሚለው ስም ካርድሽ ላይ ከተጻፈ በኋላ፣ ሽንትሽ ላይ የሚታየው ነገር ሁሉ «ያው እሱ ነው» ተብሎ ሊታለፍ ይችላል። የዚህ ተቃራኒም አለ። «ነፍሰ ጡር ነች፣ ሽንቷ ያቃጥላታል፣ በቃ ኢንፌክሽን ነው» ተብሎ ሳይመረመር አንቲባዮቲክ ይሰጥሻል። ሁለቱም አያዋጡም። ሽንትሽ ባቃጠለሽ ቁጥር በምርመራ መለየት አለበት። በግምት አይሆንም፤ በተለይ በእርግዝና ጊዜ።

እስኪ ፊኛሽ ላይ ምን እየሆነ እንዳለ እንይ። ኢንዶሜትሪዮሲስ የማህፀንን የውስጥ ሽፋን የሚመስል ሥጋ ከማህፀን ውጭ ሲበቅል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በመውለጃ ዕድሜ ላይ ካሉ ሴቶችና ልጃገረዶች 10 በመቶ ያህሉ አለባቸው። ፊኛ ድረስ የሚሄድባቸው ጥቂቶች ናቸው። ከሽንት አካላት ውስጥ ግን በብዛት የሚወጣው ፊኛ ላይ ነው። ማህፀን ፊኛ ላይ ጋደም ብሎ ነውና የሚቀመጠው፣ ሥጋው የፊኛው አናት ወይም የኋላ ግድግዳ ላይ ይተከላል። ከዚያ ቀስ እያለ ወደ ጡንቻው ይገባል። ወር አበባ ሲመጣ እሱም አብሮ ያብጣል፣ ይቆጣል። ፊኛሽ ሲሞላ የሚወጋሽ፣ ሽንትሽ ሊያልቅ ሲል ጭምድድ የሚያደርግሽ፣ አንዳንዴም ደም የሚያሳይሽ ለዚህ ነው። እንዲህ ያለ ሕመም ያለባቸው ሴቶች ብዙ ጊዜ ትክክለኛው ስም የሚነገራቸው ከዓመታት በኋላ ነው። እስከዚያ «ብርድ መቶሽ ነው» ይባላሉ፤ ወይ በየሦስት ወሩ አንቲባዮቲክ ይታዘዝላቸዋል። አንቺ ስሙን አውቀሽ ማርገዝሽ ትልቅ ነገር ነው።

ታዲያ ወር አበባ በሌለበት ለምን አደገ? በእርግዝና ጊዜ ፕሮጄስትሮን የሚባለው ሆርሞን በጣም ይጨምራል። ይህ ሆርሞን የማህፀንን ሽፋን ለፅንሱ ያዘጋጀዋል። ሴሎቹ ይወፍራሉ፣ ፈሳሽ ይይዛሉ፣ የደም ሥሩም ይበዛል። ፊኛሽ ላይ ያለው ሥጋ ደግሞ የማህፀን ሽፋን ዘመድ ነው። ሆርሞኑን ሲያገኝ እሱም እንደ ቦካ ሊጥ ይነፋል። ስለዚህ ከ1.5 ወደ 2.5 ሴንቲ ሜትር ማደጉ ብቻውን አያስደነግጠኝም። አንዳንድ ሴት ላይ ይቀንሳል፤ አንዳንዷ ላይ ባለበት ይቆያል፤ አንቺ ላይ እንደሆነው የሚያብጥባቸውም አሉ። ከወሊድ በኋላ ሆርሞኑ ሲወርድ እብጠቱም አብሮ ይቀንሳል።

እዚህ ላይ የአልትራሳውንድ ውጤት ሊያስደነግጥሽ እንደሚችል ልንገርሽ። እንዲህ ያበጠ ሥጋ ደም በብዛት ስለሚዘዋወርበት ምስሉ ዕጢ ይመስላል። ታሪክሽን የማያውቅ ባለሙያ «ፊኛ ላይ ዕጢ ይኖራል፣ ይጣራ» ብሎ ቢጽፍ አይፈረድበትም። በ29 ዓመት ሴት ላይ የፊኛ ካንሰር እጅግ ብርቅ ነው። ያንቺ ደግሞ ከሁለት ዓመት በፊት በላፓራስኮፒ የታየ ነው፤ ዛሬ ድንገት የበቀለ አይደለም። እኔ የምፈልገው በየ4 ሳምንቱ ገደማ በአልትራሳውንድ እንዲለካ ነው። ሲለካ ፊኛሽ ግማሽ ያህል ይሙላ። ባዶ ፊኛ ይጨማደድና እባጩን ይደብቃል፤ ከልክ በላይ የሞላ ደግሞ ግድግዳውን ያሳሳዋል፣ አንቺንም ያስጨንቅሻል። ጥርጣሬ ከተፈጠረ ኤምአርአይ በእርግዝና ጊዜ መነሳት ይቻላል፤ ጨረር የለውም። ኮንትራስት የሚባለው መድኃኒት ግን እንዳይወጋሽ ነፍሰ ጡር መሆንሽን አስቀድመሽ ተናገሪ። ደሙ ካላቆመ ወይም የእባጩ መልክ ካላማረ፣ የዩሮሎጂ (የሽንት አካላት) ሐኪም በቀጭን ካሜራ ፊኛሽን ከውስጥ ሊያየው ይችላል። ይህም ቦታውን ብቻ በማደንዘዝ በእርግዝና ጊዜ የሚሠራ ነው።

አሁን ወደ ሮዙ ሽንት እንምጣ። ከእባጩ የመጣ ደም ሊሆን ይችላል። ግን መጀመሪያ ቀላሉን ላንሳ፤ ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ምን በልተሽ ነበር? የጾም በያይነቱ ላይ ያለው ቀይ ስር ሽንትን ሮዝ ያደርጋል። ጤነኛ ሰው ላይም ይኼ ይታያል። በሽንት ምርመራ ደም ከሌለ ነገሩ እዚያው ያበቃል። ሁለተኛ፣ ደሙ ከሽንት ይሁን ከማህፀን እርግጠኛ ሁኚ። ሽንትሽን ከሸናሽና ከታጠብሽ በኋላ በንጹህ ሶፍት ጠርገሽ እዪ። ደሙ ሶፍቱ ላይም ካለ ከማህፀን ሊሆን ስለሚችል ነገሩ ሌላ ነው፤ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሂጂ።

ከጥያቄሽ ውስጥ በጣም የሳበኝ አንድ ቃል ነው፤ መልካ ወረር። የአዋሽ ሸለቆ፣ በተለይ መካከለኛው አዋሽ፣ የሽንት ቢልሃርዚያ ከሚገኝባቸው የአገራችን ቦታዎች አንዱ ነው። ልጆች ሲዋኙ ወይም ውሃ ሲቀዱ ትሉ በቆዳ በኩል ይገባል። ከዚያ ፊኛ ዙሪያ ባሉ የደም ሥሮች ውስጥ ለዓመታት ይቀመጣል። እንቁላሎቹ የፊኛን ግድግዳ ያቆስላሉ፤ ደም ያመጣሉ፤ አልፎ ተርፎም በአልትራሳውንድ እባጭ መስለው ይታያሉ። አንቺ ኢንዶሜትሪዮሲስ እንዳለብሽ አምናለሁ። ግን አንድ ሰው ሁለቱንም ሊይዝ ይችላል። ፒያሳ ተወልዳ ያደገች ልጅ ብትጠይቀኝ ይህን አላነሳም ነበር። ላንቺ ግን ሐኪምሽ የት እንዳደግሽ ማወቅ አለበት፤ ካልጠየቀሽ ራስሽ ንገሪው።

የዚህ ምርመራ አወሳሰድ ከተለመደው ስለሚለይ ልብ በይ። የቢልሃርዚያ እንቁላል በሽንት በብዛት የሚወጣው እኩለ ቀን አካባቢ ነው፤ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ። የሚፈለገውም የመጨረሻው ጠብታ ነው። ከመስጠትሽ በፊት ትንሽ ወዲያ ወዲህ ብትዪ ወይም ደረጃ ብትወጪ ይበልጥ ይገኛል። ከተገኘ ሕክምናው ፕራዚኳንቴል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በኋላ ለነፍሰ ጡር እንዲሰጥ ይመክራል፤ አንቺ ያንን ጊዜ አልፈሻል።

ለኢንፌክሽን የሚሰጠው ሽንት ደግሞ ሌላ ነው። የዚህን አወሳሰድ ዘርዘር አድርጌ ልንገርሽ፤ ብዙ ውጤት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነውና። ካልቸር የሚባለውን፣ ሽንት ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ አሳድጎ የሚለየውን ምርመራ እንዲያዙልሽ ጠይቂ። ክር በምታህለዋ ወረቀት ብቻ ተነክሮ የሚታየው ፍንጭ ይሰጣል እንጂ የትኛው ባክቴሪያ እንደሆነና የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው አይናገርም። እጅሽን ታጠቢ። ብልትሽን ከፊት ወደ ኋላ በውሃ ታጠቢና አድርቂ። ከንፈሩን በሁለት ጣት ከፍተሽ ያዢ። የመጀመሪያውን ሽንት ሽንት ቤት ውስጥ ልቀቂው። ሳታቋርጪ መሃል ላይ ያለውን በተሰጠሽ ንጹህ ዕቃ ተቀበዪ፤ የዕቃውን አፍ ሰውነትሽ አይንካው። የቀረውን እዚያው ጨርሺ። ወዲያውኑ ላቦራቶሪ አስረክቢ። ከቤት ይዘሽ ከመጣሽ ከሁለት ሰዓት በላይ በቦርሳሽ ውስጥ አይቆይ፤ በታክሲ ሰልፍና በሙቀት መሃል ባክቴሪያው ይራባና ውጤቱ ያሳስታል። ከሁሉም በላይ ደግሞ አንድም አንቲባዮቲክ ከመዋጥሽ በፊት ስጪ። ሲፕሮውን ባለመውሰድሽ የተደሰትኩት ለዚህም ነው። ውጤቱ 2 ወይም 3 ቀን ይፈጃል። ሐኪምሽ ምልክቱ ጠንከር ያለ መስሎ ከታየው ውጤቱን ሳይጠብቅ መድኃኒት ሊያስጀምርሽ ይችላል፤ ሽንቱ ከተሰጠ በኋላ እስከሆነ ድረስ ችግር የለውም።

ለምን ይህን ያህል እጨነቃለሁ? ከ100 ነፍሰ ጡሮች ከ2 እስከ 10 የሚሆኑት ምንም ሳያማቸው ሽንታቸው ውስጥ ባክቴሪያ አለ። ሳይታከም ከቀረ ከነዚህ እስከ 30 በመቶ የሚሆኑት የኩላሊት ኢንፌክሽን ሊይዛቸው ይችላል። የኩላሊት ኢንፌክሽን እናትየዋን አልጋ ላይ ይጥላል፤ ምጥንም ያለጊዜው ሊያመጣ ይችላል። ልጅሽን ከሚጎዱት ነገሮች መካከል እኔ በመጀመሪያ የምፈራው ይህንን ነው። እባጩ ከዚህ በኋላ ነው የሚመጣው።

ካልቸሩ ባክቴሪያ ካሳየ ለእርግዝና የሚስማማ መድኃኒት አለ። አሞክሲሲሊን ከክላቩላኔት ጋር ወይም ሴፋሌክሲን የመሳሰሉት ይታዘዛሉ። ናይትሮፉራንቶይንም በእርግዝናው መሃል ይሰጣል፤ መውለጃው ሲቃረብ ግን አይሰጥም። ኮትሪሞክሳዞል በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራትና ወደ መጨረሻው አይመረጥም። ሲፕሮና ዶክሲሳይክሊን ለነፍሰ ጡር አንመርጥም። ጓደኛሽ ለክፉ አስባ አይደለም፤ ግን መልሺላት። መድኃኒቱን ከጨረስሽ ከሳምንት በኋላ ካልቸሩ ይደገም፤ ጠፍቶ እንደሆነ የሚታወቀው ያኔ ነው። ካልቸሩ ንጹህ ሆኖ ማቃጠሉ ከቀጠለ ደግሞ አንቲባዮቲክ እየቀያየሩ መስጠት ይቁም። ያኔ ነው «ምናልባት እባጩ ነው» ማለት የምንችለው። አንድ ነገር ግን አለ። ሽንት ውስጥ የመግል ሴል እየታየ ካልቸሩ በተደጋጋሚ ባዶ ከሆነ፣ የሽንት ቱቦ ቲቢም በአገራችን መታሰብ አለበት።

ሕመሙ ኢንዶሜትሪዮሲሱ ከሆነ፣ በእርግዝና ጊዜ የምንሰጠው የሆርሞን ሕክምና የለም። ለሕመሙ ፓራሲታሞል ትችያለሽ፤ 1 ግራም፣ ድጋሚ ከመውሰድሽ በፊት ቢያንስ 6 ሰዓት ቆይተሽ፣ በ24 ሰዓት ከ4 ግራም ሳይበልጥ። በሚያስፈልግሽ ቀን ብቻ። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ግን አትንኪ። ከ20 ሳምንት በኋላ የፅንሱን ኩላሊት ሊጎዱና የእንሽርት ውሃውን ሊያሳንሱ ይችላሉ፤ አንቺ ደግሞ 22 ላይ ነሽ። ፋርማሲ ስትሄጂ «ሕመም ማስታገሻ» ብቻ ብለሽ አትጠይቂ። ነፍሰ ጡር መሆንሽን ተናገሪ፤ ክረምት ካፖርት ለብሰሽ ሆድሽ ላይታይ ይችላል።

ማህፀንሽ እያደገ ወደ ላይ ሲወጣ ፊኛሽንም ይስበዋል። እባጩ ከማህፀኑ ጋር ተጣብቆ ከሆነ፣ ጎንበስ ቀና ስትዪ ወይም ሽንትሽ ሲሞላ ጎተት የሚያደርግ ሕመም ይኖራል። ሽንት አትያዢ። ይህን ስል ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። መሃል ከተማ የምትሠራ ሴት ጠዋት ለታክሲ ትሰለፋለች፣ ቢሮ ስትደርስ ሽንት ቤቱ ተቆልፏል ወይም ውሃ የለውም፤ ስለዚህ ውሃ አለመጠጣትን ትመርጣለች። ሽንት ሲወፍር ግን ፊኛውን ይበልጥ ያቃጥላል፤ ለባክቴሪያም ይመቻል። ከአለቃሽ ጋር ተነጋገሪ፤ በየሁለት ሰዓቱ መውጣት የሕክምናሽ አካል ነው። ውሃሽን በቀን 2 ሊትር ገደማ አድርሺ፤ ማታ ከመተኛትሽ በፊት ቀነስ አድርጊው። ቡናውን በተመለከተ አቦሉን ጠጪና ቶናውንና በረካውን ለእንግዶቹ ተዪላቸው። ቡና የተቆጣ ፊኛን ያስቸግራል፤ ለእርግዝናም መጠኑ ሲበዛ ጥሩ አይደለም። ጤና አዳም ቀቅሎ መጠጣትን ግን ጨርሶ አልመክርም፤ ማህፀን ያኮማትራል ተብሎ ይፈራል።

ከዚህ ቀጥሎ የምለው ነገር ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነው፤ ኩላሊት። ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚወርዱት ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች በማህፀን ጎን ነው የሚያልፉት። ኢንዶሜትሪዮሲስ አንዱን ቱቦ ከያዘ ቀስ እያለ ያንቀዋል፤ ሽንት ወደ ኋላ ይጠራቀማል፤ ኩላሊቱ ያብጣል። አስቸጋሪው ነገር ብዙ ጊዜ ሳያምም መሆኑ ነው። ሴትየዋ ምንም ሳይሰማት አንድ ኩላሊቷ ሥራ ሊያቆም ይችላል። በእርግዝና ጊዜ ደግሞ ነገሩ ይወሳሰባል። ማህፀን ሲያድግ ወደ ቀኝ ዞር ስለሚል የቀኙን ቱቦ ይጫነዋል፤ ስለዚህ የቀኝ ኩላሊት ጥቂት ማበጥ በብዙ ነፍሰ ጡሮች ላይ የሚታይ ነው። «ነፍሰ ጡር ስለሆነች ነው» ተብሎ ይታለፋል፤ አብዛኛውን ጊዜም ትክክል ነው። የግራው ካበጠ ግን እኔ አላልፈውም። ኢንዶሜትሪዮሲስ ብዙ ጊዜ የሚይዘው የግራውን ቱቦ ነው። ስለዚህ አልትራሳውንድ በተነሳሽ ቁጥር ሁለቱንም ኩላሊት እንዲያዩልሽ ጠይቂ፤ ውጤቱም ይጻፍ። «የፅንስ አልትራሳውንድ ነው የታዘዘው፣ ኩላሊት አልተጻፈም» ሊሉሽ ይችላሉ። ሐኪምሽ ትዕዛዙ ላይ እንዲጽፈው ከፊቱ ሳትነሺ ንገሪው። ቱቦው ተዘግቶ ከተገኘ ልጁ እስኪወለድ ድረስ ውስጡ ቀጭን ማስተላለፊያ በማስገባት ኩላሊቱን ማትረፍ ይቻላል።

በዚያው አልትራሳውንድ የእንግዴ ልጁ የት እንደተቀመጠ ይታይ። ኢንዶሜትሪዮሲስ ያለባቸው ሴቶች ላይ የእንግዴ ልጅ ዝቅ ብሎ የማህፀን አፍ ላይ የመቀመጡ ነገር ከሌሎች ይበዛል። አሁን ዝቅ ያለ ቢሆን እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ማህፀን ሲያድግ ከፍ ይላል፤ በ32 ሳምንት ገደማ ይደገማል። ይህን ለምታነብ ሌላ እህትም አንድ ነገር ልጨምር። ከዚህ በፊት በኦፕራሲዮን የወለድሽ ከሆነ፣ የእንግዴ ልጁ ዝቅ ብሎ የድሮው ጠባሳ ላይ ከተቀመጠ፣ ሽንትሽም ደም ካለው፣ ኢንዶሜትሪዮሲስ ነው ብለሽ አትቀመጪ። የእንግዴ ልጁ ወደ ፊኛ ዘልቆ እንደሆነ በትልቅ ሆስፒታል በአስቸኳይ መታየት አለበት።

ቀጠሮ የማይጠብቁ ምልክቶች አሉ። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የጎን ሕመም፣ ማስመለስ፤ እነዚህ የኩላሊት ኢንፌክሽን ይሆናሉ፣ ሌሊትም ቢሆን ሂጂ። ሽንት ከረጋ ደም ጋር መምጣት ወይም ጨርሶ መሽናት አለመቻል እንዲሁ ነው። የልጁ እንቅስቃሴ መቀነስ፣ የእንሽርት ውሃ መፍሰስ፣ እየተመላለሰ የሚጠነክር ሆድ፣ ከማህፀን የሚፈስ ደም፤ እነዚህን ክትትል ላይ ነግረውሻል። አንድ ልጨምር። ኢንዶሜትሪዮሲስ ባለባቸው ሴቶች ላይ፣ በጣም አልፎ አልፎ፣ ከእርግዝናው አጋማሽ በኋላ ሆድ ውስጥ ያለ የደም ሥር ፈንድቶ ወደ ውስጥ ይደማል። ከብልት ምንም ደም ላይታይ ይችላል። ድንገተኛ ኃይለኛ የሆድ ሕመም ከመጣ፣ ከዚያ ፊትሽ ከነጣ፣ ራስሽን ልትስቺ ከደረስሽ፣ አንድ ደቂቃም አትጠብቂ። 907 ደውሉ ወይም ባገኛችሁት መኪና ሂዱ። ከልደታ ጥቁር አንበሳም ጋንዲም ሩቅ አይደሉም። ስትደርሺ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገርሽ «ኢንዶሜትሪዮሲስ አለብኝ» የሚል ይሁን። ባለቤትሽም ይህን ቃል ይልመደው፤ አንቺ መናገር ካልቻልሽ እሱ ይናገራል።

ስለ አወላለድሽ ሰፋ አድርጌ ልንገርሽ። በምጥ መውለድ ትችያለሽ። ፊኛሽ ተቆርጦ አያውቅም፤ እባጩም አናቱ ወይም ግድግዳው ላይ ነው እንጂ የልጁ መውጫ መንገድ ላይ አይደለም። ምጥ ላይ ሳለሽ ሽንትሽን በየጊዜው እንድትሸኚ አዋላጇን አስታውሻት፤ የሞላ ፊኛ ሕመምሽን ያባብሰዋል፣ ምጡንም ያዘገያል። ካልቻልሽ በካቴተር (በቀጭን ቱቦ) ይወጣልሻል።

ኦፕራሲዮን የሚያስፈልግበት ሌላ ምክንያት ከመጣ ግን፣ ለምሳሌ ልጁ ቢገለበጥ ወይም የእንግዴ ልጁ ዝቅ ብሎ ቢቀር፣ ፊኛሽ ላይ ያለው ነገር ትልቅ ቁም ነገር ይሆናል። በኦፕራሲዮን ስናዋልድ ፊኛን ከማህፀን ላይ ወደ ታች ገፋ አድርገን ነው ብዙ ጊዜ የምንከፍተው። ኢንዶሜትሪዮሲስ ሁለቱን ካጣበቃቸው ያ ቦታ በቀላሉ አይለይም፤ ፊኛውም ሊቀደድ ይችላል። ይህን አስቀድሞ የሚያውቅ ሐኪም ማህፀኑን ከፍ አድርጎ ይከፍተዋል፤ የተጣበቀውን በግድ አይጎትትም፤ የዩሮሎጂ ሐኪም በአቅራቢያው እንዲሆን ያደርጋል። ፊኛ ቢቀደድ እንኳ እዚያው ታውቆ ከተሰፋ፣ ካቴተር ለሳምንት ወይም ለሁለት ሳምንት ይቆይና ይድናል። የሚያስቸግረው ሳይታወቅ የቀረው ነው።

ስለዚህ ከዚህ ሁሉ ምክሬ አንዱን ብቻ ልትፈጽሚ ከሆነ ይህንን ፈጽሚ። ላፓራስኮፒ የተሠራሽበት ቦታ ሄደሽ የኦፕራሲዮኑን ሪፖርት ጠይቂ። «ፊኛ ላይ ኢንዶሜትሪዮሲስ ታይቷል፣ አልተነካም» የሚለውን መስመር ፈልጊ፤ ከሌለ ሐኪሙ እንዲጽፍልሽ አድርጊ። የአልትራሳውንድ ውጤቶችሽን አንድ ላይ አያይዢ። ሁሉንም በስልክሽ ፎቶ አንሺና ለባለቤትሽ ላኪ። ክትትል የጀመርሽው ጤና ጣቢያ ከሆነ ወደ ሆስፒታል ሪፈር ይጻፍልሽ፤ በ34 ሳምንት አካባቢ የሚያዋልዱሽ ሰዎች ጋር ቁጭ ብለሽ እቅዱን ተነጋገሩበት። ምጥ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ሊመጣ ይችላል። ያን ሌሊት ተረኛ የሚሆነውን ሐኪም አንቺ አትመርጪውም። ወረቀቱ ግን ይነግረዋል።

የእናትሽን ነገር ሳላነሳ አላልፍም። «ውለጂ፣ ይጠፋል» የሚለው ከፍቅር የመጣ ነው፤ ከፊሉም እውነትነት አለው። በእርግዝናና በማጥባት ጊዜ ወር አበባ ስለማይኖር ብዙ ሴቶች ፋታ ያገኛሉ። ግን መዳን አይደለም። ወር አበባው ሲመለስ ሕመሙም ሊመለስ ይችላል። «ስታገቢ ይሻልሻል፣ ስትወልጂ ይጠፋል» እየተባሉ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሴቶች አሉ፤ አንቺ ከነሱ አንዷ እንድትሆኚ አልፈልግም። ወልደሽ ቢመለስብሽ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፤ ሕክምናም አለው።

ከወለድሽ በኋላ አጥቢ። ማጥባት ወር አበባውን ያዘገየዋል። ለኢንዶሜትሪዮሲስ የሚሰጠው ዳይኖጄስት የተባለው የሆርሞን መድኃኒት ማጥባት እስክታቆሚ ይቆያል። እስከዚያ ለሚያጠቡ እናቶች የሚፈቀዱ ፕሮጄስትሮን ብቻ ያላቸው የእርግዝና መከላከያዎች አሉ፤ ክንድ ላይ የሚቀበረው፣ በየሦስት ወሩ የሚወጋው፣ ወይም በየቀኑ የሚዋጠው። እርግዝናን ከመከላከላቸው በላይ ኢንዶሜትሪዮሲሱንም ያረግባሉ፤ በ6ኛው ሳምንት ቀጠሮሽ ላይ አንሺው። መድኃኒት ካልበቃ ኦፕራሲዮን አለ። እባጩ ያለበት የፊኛ ክፍል በላፓራስኮፒ ተቆርጦ ይወጣል፣ ፊኛውም ይሰፋል። የማህፀንና የዩሮሎጂ ሐኪም አብረው ቢሠሩት ይመረጣል። በካሜራ ከውስጥ ብቻ እንፋቀው ካሉሽ ሌላ ሐኪም ጠይቂ። ሥጋው የሚጀምረው ከፊኛው ውጭ ስለሆነ ሥሩ ይቀራል፤ ብዙ ጊዜም ይመለሳል።

በወለድሽ በሦስተኛው ወር ገደማ ፊኛሽ ግማሽ ሞልቶ አልትራሳውንድ ተነሺ። ልኬቱን ከእርግዝናው በፊት ከነበረው 1.5 ሴንቲ ሜትር ጋር አወዳድሩት፤ ሁለቱንም ኩላሊት እንዲያዩልሽም አትርሺ።